የሙሽሪት ሽኝት በደብረ ብርሃን፦ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

«ሙሽራ ጓደኛችሁን ይዛችሁ ለቅዳሜና እሁድ ደብረ ብርሃን ኑ» ብዬ ብጽፍ የጥያቄ ዶፍ ወረደብኝ። የከተማው ልጅ ነኝ፤ እንጀራዬም የሰርግ ዝግጅት ነው። ብራይዳል ሻወር በሉት፣ ባችለሬት በሉት፣ በስሙ አልጣላችሁም። እነሆ መልሱ።

ሰርጉ ጥር ላይ ነው። ሽኝቱን ታህሳስ አጋማሽ ብናደርገውስ?

ታህሳስን እርሱት። ጾመ ነቢያት ህዳር 15 ይገባና እስከ ገና ይዘልቃል። የምትጾም ጓደኛ ካለቻችሁ የበግ ጥብስ እየሸተታት ሽሮ ማስበላት ግፍ ነው። ውርጩም የሚበረታው ያኔ ነው። ከገና በኋላ፣ ከከተራ በፊት የምትገኘው ቅዳሜና እሁድ ትመቻለች። ግን ሰርጉ የጥምቀት ሰሞን ከሆነ ሙሽሪት በዚያ ሳምንት ልብስ ልካ፣ ዘመድ ተቀብላ፣ እንቅልፍ አጥታ ነው የምትመጣው። እንዲያ ከሆነ ጥቅምት ላይ ጨርሱት። ዝናቡ አብቅቷል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፤ ደግሞስ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለምን ሆነና!

መንገዱ ሰላም ነው?

ይሄን ዛሬ ብመልስላችሁ ለነገ አይሆንም፤ ሁኔታው ይለዋወጣል። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት መስመሩን የሚመላለስ ሹፌርና የምታርፉበትን ሆቴል ደውላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ የተለያየ ነገር ካወሩ አትነሱ። ማታ መንገድ አትግቡ። ቀብድ ስትከፍሉም ቀኑ ቢዛወር ብሩ እንደማይበላ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከከተማው ወጥታችሁ ለሽርሽር የምትሄዱባቸውን አንኮበርና ደብረ ሲናን ደግሞ ለየብቻ ጠይቁ፤ ዋናው መንገድ ሰላም ነው ማለት ሁሉም ሰላም ነው ማለት አይደለም።

በምን እንምጣ? ዘጠኝ ነን።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ዘጠኝ ከሆናችሁ አንድ ሃይሩፍ ኮንትራት ያዙ። ከላምበረት በሕዝብ መኪና መምጣትም ይቻላል፤ ግን ቀሚስ፣ ኬክና ፊኛ ታቅፎ ወረፋ መጠበቅ አያምርም። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን እያላችሁ ሸኖ ስትደርሱ ቅቤ ልግዛ የምትል አንዷ አትጠፋም። ስትመለሱ ትግዛ። መኪናው ውስጥ ሁለት ቀን ከሰነበተ ሽታው ከቀሚሳችሁ አይለቅም።

ብርዱ የምር ያን ያህል ነው?

ከተማዋ ያለችው 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቀን በቲሸርት ያዞረቻችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ ጥላችሁ ትሄዳለች። በብርድ ልብስ ፋብሪካ የታወቀች ከተማ ናት፤ ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ጋቢ፣ ካልሲ፣ ወፍራም ሹራብ ያዙ። ያን ስስ የሳቲን ፒጃማ ለፎቶ ልበሱትና ቶሎ አውልቁት።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር ስሙኝ። የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል አታስገቡ። ስምንት ሴት አንድ ክፍል ተሰብስቦ፣ በር ተዘግቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ «ፍሙ እስኪጠፋ ይሙቀን» ተብሎ ይተኛል። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ የሚገድለው ሳይታይና ሳይሸት ነው። ራስ ምታት የጀመራት ካለች «ብርዱ ነው» አትበሉ፤ በሩን ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡ። ቡናውን በረንዳ ላይ አፍሉ፤ ስታበቁ ምድጃው እዚያው ይደር።

ክለብ አለ? መጨፈር እንፈልጋለን።

ለክለብ ከሆነ ከቦሌ ምን አስወጣችሁ? እዚህ ያለው ሥጋ ቤት፣ ጠጅ፣ ቡናና ወሬ ነው። እኔ የምወደው ሽኝት አዳራሽ ሳይሆን የእንግዳ ማረፊያ ሳሎን ተይዞ፣ ስፒከር መጥቶ፣ ሙሽሪት መሐል ገብታ እስክስታ የሚወርድበትን ነው። ብቻ ለጎረቤት ስትሉ ከአራት ሰዓት በኋላ ድምፁን ቀንሱት።

የደብረ ብርሃን አረቄ ይሞከር?

ይሞከር፤ ግን በመለኪያ። በተለይ ዳግም የሚባለው ሁለት ጊዜ የወጣ ነው፤ ከቢራ ጋር እያፈራረቃችሁ እንዳትደፍሩት። ሆድ ሳይዝም አይነካም። ከማን እንደተገዛ ካልታወቀ ደግሞ ይቅርባችሁ፤ የታወቀች አውጪ ዘንድ የሚወስዳችሁ የከተማው ሰው አይጠፋም።

እንሶስላ ማድረግ አስበናል። እዚያ ይገኛል?

ገበያ ውስጥ ሥሩ ይገኛል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ከፊኛውና «ሙሽራ» ከሚል መቀነት እኔ ይሄን እመርጣለሁ። ሥሩ ይላጣል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይቀቀላል። ከዚያ ለብ ሲል እጅና እግር ላይ ተደርጎ በጨርቅ ይታሰርና ይታደራል። ጠዋት ሲፈታ መዳፉ ቀልቶ ታገኙታላችሁ። እጇ የታሰረ ሙሽራ ስልኳን መንካት አትችልም፤ ጓደኞቿ ያጎርሷታል፣ እሷ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። የምሽቱ ምርጥ ሰዓት ይሄ ነው። ሁለት ነገር አትርሱ፤ አንሶላ የሆቴል ነውና አሮጌ ጨርቅ ይዛችሁ ኑ፣ እናቷ ለሰርጉ ዋዜማ የራሷን እንሶስላ አዘጋጅታ ከሆነም ቀድማችሁ ጠይቋት። የእናትን ወግ መቀማት አይሆንም።

ቅዳሜን አንኮበር፣ እሁድን ጓሳ ብንሄድስ?

ጓሳን ተዉት። መንዝ ድረስ ሄዶ መመለስ ከሁለት ቀን ሽርሽር ጋር አይገጥምም። አንኮበር ግን ከከተማው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ጠዋት ውጡ፤ ከቀትር በኋላ ጉም ከመጣ የምታዩት የራሳችሁን እጅ ነው። ሣህለ ሥላሴም ምኒልክም የነገሡባት ከተማ ናት። የጥንቱ ቤተ መንግሥት ዛሬ የለም፤ ኮረብታው ላይ ግን ሎጅ አለ፣ ቁልቁል ደግሞ እስከ አፋር ቆላ ይታያል። ወደ ላይ የሚወጣው በእግር ነው። ባለፈው አንዲት ሚዜ በታኮ ጫማ ጀምራ በባዶ እግሯ ጨርሳዋለች።

አንኮበር ካልሆነ ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ላይ ጣርማ በር አለላችሁ። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፋችሁ ስትወርዱ አገሩ በአንዴ ይለወጣል። ጭላዳ ዝንጀሮ ካገኛችሁ ሙዝ አትወርውሩ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ግዙ፤ ለመንገድ እሱን የሚያህል የለም።

ገንዘቡን እንዴት እናዋጣ? ሁላችንም እኩል አቅም የለንም።

አንዷ ገንዘብ ያዥ ትሁን፤ በቴሌብር ትሰብስብ፣ ሂሳቡንም ለሁሉም ትላክ። ሙሽሪት አትከፍልም። መዋጮው የሚወሰነው ከሁላችሁም አነስተኛ ገቢ ባላት ልጅ አቅም ነው፤ ሌላው ትርፍ ካለው ኬኩን ወይ መኪናውን ይቻል። አቅም ያጠራትን በግሩፑ ፊት «ለምን አልላክሽም?» ማለት ነውር ነው፤ ለብቻዋ ደውሉላት። አንድ ዓይነት ቲሸርት ማሳተም ግዴታ አይደለም፤ ብሩን ለሥጋ አውሉት።

አማቷ መምጣት ትፈልጋለች። ምን እንበላት?

የቅዳሜ ምሳ ላይ ጋብዟት፤ የክብር ወንበር ስጧት፣ ቡናውን እሷ ትመርቅ። ማታውን ግን ለእናንተ ተዉት። ይሄን የሚነግራት ደግሞ ልጇ ይሁን እንጂ ሙሽሪት አትሁን።