ቤተ መቅደሱ የቱ ጋ ነበር? ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ “የኢየሩሳሌሙ ቤተ መቅደስ የነበረው የዓለቱ ጉልላት ያለበት ግቢ ላይ ሳይሆን ግዮን ምንጭ ጋ ነው” ስለሚለው ሐሳብ ጠይቃችሁኛል። የዓለቱ ጉልላት በግቢው መካከል ያለው የሙስሊሞች ሕንጻ ነው፤ ግዮን ደግሞ ከግቢው በስተደቡብ፣ በጥንታዊቷ ዳዊት ከተማ ያለ ምንጭ ነው። የቻልኩትን ያህል እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሐሳቡን ማን አመጣው?

መልስ፦ ኧርነስት ማርቲን የተባለ አሜሪካዊ ነው፣ በ1990ዎቹ። ትልቁን ግቢ የሮማውያን አንቶኒያ ምሽግ ነው ይላል። መቅደሱን ደግሞ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዳዊት ከተማ ያወርደዋል። እኔ አልቀበለውም።

ጥያቄ፦ ጌታ “ድንጋይ በድንጋይ ላይ አይቀርም” ካለ ምዕራባዊው ግንብ እንዴት ቆመ?

መልስ፦ ግንቡ የመቅደሱ ግድግዳ አይደለም። ሄሮድስ ግቢውን ሲያሰፋ ሙሌቱን ደግፎ እንዲይዝ የሠራው የዙሪያ ግንብ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ያሳዩት የመቅደሱን ሕንጻዎች ነው፤ እነሱማ ወድመዋል። ደቡብ ምዕራቡን ጥግ ሄዳችሁ እዩት። ሮማውያን በ70 ዓ.ም. መቅደሱን ሲያጠፉ ከላይ የገለበጧቸው ግዙፍ ድንጋዮች ዛሬም መንገዱ ላይ እንደተከመሩ ናቸው። ከሥራቸው ያለው ንጣፍ ተሰባብሮ ሰርጉዷል። እዚያው ጥግ በእስራኤላዊው አርኪዮሎጂስት ቤንያሚን ማዛር ቁፋሮ በ1968 አንድ ድንጋይ ተገኘ። “ለመለከት መንፊያው ስፍራ” የሚል የዕብራይስጥ ጽሑፍ ተቀርጾበታል። የዚያ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስም ካህን እዚያ ከፍታ ላይ ቆሞ የሰንበትን መግቢያና መውጫ በመለከት ያውጅ እንደነበር ጽፏል። ታዲያ የአይሁድ ካህን የሮማ ምሽግ ላይ ወጥቶ ሰንበትን ያውጃል? ለእኔ ክርክሩን የሚዘጋው ይኼ ድንጋይ ነው።

ጥያቄ፦ ያን ሁሉ መሥዋዕት ያለ ምንጭ ውሃ እንዴት ያጥቡት ነበር?

መልስ፦ ከግቢው ሥር ከ30 በላይ የውሃ ጉድጓዶች አሉ። ከቤተልሔም አካባቢም በቦይ ውሃ ይመጣ ነበር።

ጥያቄ፦ በሲግድ (በቤተ እስራኤል በዓል) ከግቢው በስተደቡብ ባለው የኢየሩሳሌም ኮረብታ፣ በአርሞን ሃናጺቭ ላይ ቆመን ወደ መቅደሱ ስንጸልይ ትክክለኛውን ቦታ እያየን ነው?

መልስ፦ አዎ። ከዚያ ሆናችሁ ሁለቱንም ታያላችሁ፤ ግቢው ከላይ፣ ጠባቧ የዳዊት ከተማ ኮረብታ ከሥሩ። አንደኛ ነገሥት 8፥1ን አንብቡ። ሰሎሞን ታቦቱን ያወጣው “ከዳዊት ከተማ” ነው። መቅደሱ እዚያው ከነበረ ከየት ወዴት ያወጣዋል?

ጥያቄ፦ ስለዚህ ቅድስተ ቅዱሳኑ ጉልላቱ ሥር ነው ማለት ነው?

መልስ፦ የምሁራኑ እውነተኛ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ሊን ሪትማየር አዎ፣ ዓለቱ ራሱ ላይ ነው ይላል። አሸር ካውፍማን ወደ ሰሜን ይወስደዋል፤ ቱቪያ ሳጊቭ ደግሞ ወደ ደቡብ፣ ወደ አል አቅሳ መስጊድ አቅጣጫ። እኔ ወደ ሪትማየር አደላለሁ። ዓለቱ የተራራው ከፍተኛ ቦታ ነው። ከጉልላቱ በስተሰሜን ምዕራብ ያለው ደረጃ የታችኛው እርከንም ከሌሎቹ ደረጃዎች አቅጣጫው ወጣ ብሎ ከምሥራቁ ግንብ ጋር ትይዩ ይሄዳል። ሪትማየር ይህን ከሄሮድስ በፊት የነበረው ግቢ ግንብ ቅሪት ነው ይለዋል።

ጥያቄ፦ ለምን ቆፍረው አይገላገሉም?

መልስ፦ ግቢውን የሚያስተዳድረው ወቅፍ የሚባለው የሙስሊሞች የሃይማኖት ተቋም ነው፤ ቦታው ለአይሁድም ለሙስሊሞችም ቅዱስ ስለሆነ አካፋ ማንሳት ደም ያፋስሳል። እንግሊዛዊው ሞንታጉ ፓርከር በ1911 ጠባቂ ደልሎ በሌሊት ጉልላቱ ውስጥ ሀብት ፍለጋ ቆፈረ። ወሬው ሲወጣ ከተማው ተናወጠ፤ እሱም በያፋ በኩል በመርከብ ሸሸ።