ለቤት የሚሆን ዴስክቶፕ፦ ብሩን ሁሉ ሳጥኑ ላይ አትጨርሺው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ለቤት ዴስክቶፕ ልትገዢ ነው። ልጆቹ የትምህርት ቪዲዮ ያዩበታል፣ እናንተ ፊልምና መዝሙር ትከፍቱበታላችሁ፣ የሠርጋችሁንም ሲዲ ትገለብጡበታላችሁ። አዲስ ይሁን ያገለገለ፣ ላፕቶፕስ አይሻልም ወይ ብለሻል። እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ ዴስክቶፕ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። ለዘመድም ለጎረቤትም ሱቅ አብሬ እየሄድኩ መርጫለሁ። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ከሁሉ በፊት፣ በጀትሽን በሙሉ ሳጥኑ ላይ (ፕሮሰሰሩና ዲስኩ ያሉበት ዋናው ዕቃ) አትጨርሺው። ሱቅ ስትገቢ ሻጩ የሚያወራሽ ስለ «ሲፒዩው»፣ ማለትም ስለዚሁ ሳጥን ብቻ ነው። ቤት ከገባ በኋላ ግን በየቀኑ የምታዪው ሞኒተሩን ነው፣ የምትሰሚውም ስፒከሩን ነው። ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚወስነው ደግሞ መብራቱ ነው። እኔ ብሆን ከያዝኩት ብር ግማሹን ለሳጥኑ አደርጋለሁ። ግማሹ ለሞኒተር፣ ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚይዝ ዕቃ)፣ ለስፒከርና ለመጠባበቂያ ሃርድ ዲስክ ይሆናል። ዋጋ አልጠራልሽም። ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስትሻል።

ላፕቶፕ ይሻላል የሚሉሽ ሰዎች አንድ እውነት አላቸው። ሰፈራችሁ መብራት ለሰዓታት የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ቢሮና ቤት የሚመላለስ ከሆነ ላፕቶፕ ግዢ። ቤት የሚቀመጥ ከሆነ ግን ዴስክቶፕ ይሻላል። ኪቦርዱ ቢበላሽ ኪቦርድ ብቻ ትቀይሪያለሽ። ስክሪኑ ቢሰበር ሌላ ሞኒተር ትሰኪያለሽ። ላፕቶፕ ላይ እያንዳንዱ ጥገና ራስ ምታት ነው። በዚያ ላይ ሦስት ልጆች በትንሽ ስክሪን ተደራርበው ማየት የለባቸውም።

አዲስ ወይስ ያገለገለ ላልሽው፣ እኔ ያገለገለ የኦፊስ ዴስክቶፕ እመርጣለሁ። ውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ያገለገሉትን ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክና ፕሮዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ማለቴ ነው። መርካቶም መገናኛም ቦሌም ታገኛቸዋለሽ። በጠንካራ ዕቃ ነው የተሠሩት። በርካሽ ዕቃ ተገጣጥሞ «አዲስ» ከሚባለው ሳጥን በብዙ ይሻላሉ።

እዚህ ላይ ግን የፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አእምሮ፣ ጀነሬሽን (ትውልዱን) ሳታዪ ብር አታውጪ። ብዙ ሻጭ «ኮር አይ 7 ነው» ብሎ ዝም ይላል። ያ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ጠይቂ። አይ 7-3770 ሦስተኛ ጀነሬሽን ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ። አይ 5-8500 ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው። ስሙ ዝቅ ያለ ቢመስልም ስድስት ኮር (ጎን ለጎን የሚሠሩ ክፍሎች) አለው፣ የመጀመሪያውንም ይበልጠዋል። ከአራቱ ቁጥሮች የመጀመሪያው ጀነሬሽኑን ይነግርሻል። አምስት ቁጥር ከሆነ፣ ለምሳሌ 10500፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው።

ስምንተኛ ጀነሬሽን ላይ ድርቅ የምልበት ምክንያት አለኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በመሠረቱ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው የሚቀበለው። በጓሮ በር የሚጭኑልሽ ልጆች አሉ፤ ዛሬ ይሠራል፣ ነገ አፕዴት ሲመጣ ምን እንደሚሆን ዋስትና የለሽም። ሁለተኛው ምክንያት ቪዲዮ ነው። አሁን ፊልሞች የሚመጡበትን ኤች 265 እና ዩቲዩብ የሚጠቀምበትን ቪፒ 9 የሚባል የቪዲዮ መጭመቂያ አሠራር፣ ከሰባተኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያሉት ፕሮሰሰሮች በራሳቸው ግራፊክስ በደንብ ይፈቱታል። አሮጌዎቹ ላይ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ፋኑም ይጮሃል። በሞዴል ለመለየት፦ ኦፕቲፕሌክስ 3060፣ 5060 እና 7060 ስምንተኛ ጀነሬሽን ይይዛሉ። መጨረሻቸው 50 ከሆነ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ናቸው። ኤችፒ ላይ 600 ጂ4 ወይም 800 ጂ4 የሚለውን ፈልጊ። ሌኖቮ ላይ ኤም 720 ወይም ኤም 920።

ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 8 ጊጋ ዝቅተኛው ነው። የሠርጉን ቪዲዮ ቆርጣችሁ የምትቀጥሉ ከሆነ 16 አድርጊው። ከአንድ ባለ 16 ይልቅ ሁለት ባለ 8 ይሻላል፤ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር በሁለት ራም ይፈጥናል። ዊንዶውሱ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዲስክ) ላይ ይሁን፣ 256 ጊጋ ይበቃል። ለፊልምና ለፎቶ አንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ ይጨመርልሽ። ከባድ የቪዲዮ ሥራ ወይም ጌም ካሰባችሁ ቀጫጭኖቹን ሳጥኖች ተያቸው። አጭር ግራፊክስ ካርድ ብቻ ነው የሚገባባቸው፣ ፓወር ሰፕላያቸውም (ውስጡ ያለው መብራት አከፋፋይ) የራሳቸው ዓይነት ስለሆነ እንደልብ አይቀየርም። ለናንተ አገልግሎት ግን ቀጭኑ ይበቃል።

ሱቅ ውስጥ አትቸኩዪ፣ አትፈሪም። አስከፍቺውና ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን እዪ፤ ፕሮሰሰሩም ራሙም እዚያ ተጽፏል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያል። ከጎረቤቴ ጋር በሄድኩ ቀን «አዲስ ነው» የተባለው ዲስክ ከ30 ሺህ ሰዓት በላይ ሠርቶ አገኘነው። ሻጩ ሳይከራከር ቀየረለት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ወደ ውስጥ ቅንብሩ ለመግባት ዴል ከሆነ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 10፣ ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ 1 ተጫኚ። የይለፍ ቃል ከጠየቀሽ የድሮው መሥሪያ ቤት ዘግቶት ነው፤ እስኪፈታ ድረስ አትክፈዪ። የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን በሙሉ በፍላሽ ሞክሪ። ረጅም ቪዲዮ ከፍተሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። ደረሰኙ ላይ ሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍ። አለበለዚያ ዋስትና የሚባለው ነገር ዋጋ የለውም።

ሰው ቤቱ ከደረሰ በኋላ የሚደነግጥባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። እነዚህ የኦፊስ ሳጥኖች ብዙ ጊዜ ዋይፋይ የላቸውም። ትንሿን የዩኤስቢ ዋይፋይ ግዢ፤ ራውተሩ ቅርብ ከሆነ ግን ገመዱ ይሻላል። ካሜራና ማይክም የላቸውም፣ ለኦንላይን ትምህርት ለብቻ ይገዛል። ብዙዎቹ ደግሞ ኤችዲኤምአይ ሳይሆን ዲስፕሌይ ፖርት (ሌላ ዓይነት የሞኒተር መሰኪያ) ነው ያላቸው። መቀየሪያ ገመዱን እዚያው ሱቅ ሞክረሽ ውሰጂ።

ሞኒተር 24 ኢንች፣ ሙሉ ኤችዲ፣ ቢቻል አይፒኤስ (ከጎንም ሲታይ ቀለሙ የማይለወጥ)። ቴሌቪዥኑን ልጠቀም ካልሽ ለፊልም ጥሩ ነው። ግን ብዙዎቹ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ጥራታቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀርቦ ጽሑፍ ለሚያነብ ልጅ ዓይን ያደክማል። ስፒከር ላይ ደግሞ አትሰስቺ። ሞኒተር ውስጥ ያለው ድምፅ ለዜና እንጂ ለመዝሙር አይሆንም። የበገና መዝሙር ከፍተሽ ሞክሪው፤ ወፍራሙ ድምፅ ጨርሶ ይጠፋል፣ የሚቀረው ጢዝታው ነው። ባለ ሁለት ስፒከርና አንድ ቤዝ መካከለኛ ዕቃ ቤቱን ይለውጠዋል።

አሁን ወደ መብራት። እዚህ ላይ እለምንሻለሁ፣ ያለ ዩፒኤስ አንድ ቀንም አታብሪው። ስታቢላይዘር አለኝ ማለት አይበቃም። እሱ ከፍና ዝቅ የሚለውን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አይዝም። ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዩፒኤስ ካገኘሽ ሁለቱንም ይሠራል። 650 ቪኤ (የዩፒኤሱ አቅም መለኪያ) የሆነው ለቀጭን ዴስክቶፕና ለሞኒተር ሥራሽን ሴቭ አድርገሽ በሥርዓት የምትዘጊበት ደቂቃዎች ይሰጥሻል። ፊልም ለመጨረስ አይደለም። ባትሪው ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይደክማል፤ ያኔ ሙሉ ዩፒኤሱን አትጣዪ፣ ውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ብቻ ይቀየራል። ሌዘር ፕሪንተር በጭራሽ አትሰኪበት።

የእንጀራ ምጣድ ነገርም አለ። ኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። መስመሩ ቀጭን በሆነ ቤት ምጣዱ ሲለኮስ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ዩፒኤሱም ቀጭ ቀጭ ይላል። የምትጋግሪ ቀን ኮምፒውተሩ ይዘጋ፣ ወይም ኤሌክትሪሽያን ለምጣዱ የራሱን መስመር ይዘርጋልሽ። መብራት ሄዶ ሲመጣም ወዲያው አታብሪ። ሶኬቱን ነቅለሽ ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ፤ መጀመሪያ የሚመጣው ነው ዕቃ የሚያቃጥለው።

አሜሪካ ወንድም አለኝ ብለሻል። ከዚያ ዕቃ ካስመጣሽ ጀርባው ላይ 100-240 ቮልት የሚል መጻፉን በፎቶ ያሳይሽ። አንዳንድ የድሮ ፓወር ሰፕላይ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ አለ። 115 ላይ እንዳለ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። ዩፒኤስና ስፒከር ከዚያ ባያመጣ ይሻላል፤ ብዙዎቹ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ናቸው።

የሠርጉን ሲዲ ነገር አታቆዪው። ዲስክ ያረጃል፣ ይጫጫራል፣ አንድ ቀን አላነብም ይላል። የዲቪዲ ማንበቢያ ያለው ሳጥን ምረጪ። ቪሲዲ (ቪዲዮ ያለበት ሲዲ) ከሆነ ውስጡ ያለውን ትልቁን ፋይል ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ይበቃል፣ ቪኤልሲ የሚባለው ነፃ ማጫወቻ ይከፍተዋል። ከዚያ ሁለተኛ ቅጂ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ አድርገሽ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጪ። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ፎቶ ነገ ሊጠፋ ይችላል። የልጆችሽ ሕፃንነት ዳግም አይቀረጽም።

የአማርኛ ጽሕፈት ለልጆቹ የቤት ሥራ ካስፈለገሽ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ከቋንቋ ምርጫው ላይ ትጨምሪዋለሽ። ፓወር ግእዝ የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የለመዱም ብዙ ናቸው። በድሮው ቪዥዋል ግእዝ የተጻፈ ፋይል ካላችሁ ፊደሉን (ፎንቱን) ሳትጭኑ ስትከፍቱት የተዘበራረቀ ምልክት ነው የሚታያችሁ። ተበላሸ ብላችሁ እንዳታጠፉት።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ሳሎን ይሁን፣ ስክሪኑ ወደ ሰው ፊቱን ይመልስ። ልጆች ክፍል ውስጥ በር ዘግተው ባይሆን ደስ ይለኛል። ለያንዳንዳቸው የራሳቸውን አካውንት ክፈቺላቸው። ሳጥኑን ምንጣፍ ላይ አታስቀምጪው፣ የእኛ አገር አቧራ ይታወቃል። በዓመት አንድ ሁለቴ አስከፍቺና በብሎወር ይነፋ። ሰዓቱ ሁሌ ወደኋላ የሚመለስ ከሆነና ድረ ገጾች «ደህንነቱ ያልተጠበቀ ነው» እያሉ እንቢ ካሉሽ፣ ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት የሚያደርግ ሰው ጋ አትሂጂ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርፅ ባትሪ ሞታ ነው። ቁጥሯ 2032 ነው፣ ራስሽ ትቀይሪያታለሽ።

ሱቅ ገብተሽ ሁለት ሦስት ካየሽ በኋላ የሞዴል ቁጥሩንና የፕሮሰሰሩን ቁጥር ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው። ከመክፈልሽ በፊት አይቼ እነግርሻለሁ።