መልስ፦ ህንድ ውስጥ በጋብቻ ካስት ይቀየራል ወይ?
ወንድሜ ጥያቄህ ህንድ ውስጥ ከላይኛው ካስት (በትውልድ የሚወረስ የማህበረሰብ ደረጃ) የተወለደች ሴት ዳሊት (ከሁሉም በታች ተደርጎ ከተገለለው ወገን የሆነ) ብታገባ በኮታ፣ ማለትም ለተገለሉት ካስቶች በተያዘው ቦታ፣ የመንግስት ስራ መግባት ትችላለች ወይ ነው አይደል? አትችልም። ካስት በልደት ነው፣ ሰርጉ አይቀይረውም። 2018 ላይ (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነውን እይ፣ ሴትየዋ የባሏን ካስት የሚያሳይ ሰርተፍኬት አውጥታ መምህርት ሆና ገባች፣ ከ20 አመት በላይ አስተማረች፣ ከዛ አንዱ ጠቆመባትና ሰርተፍኬቱ ተሰረዘ ከስራም ተባረረች፣ ፍርድ ቤቱ ግን አላጭበረበረችም ብሎ ስንብቱን ወደ ግዴታ ጡረታ ቀየረላት። ጥሩ እድል ነው የገጠማት በኔ እይታ፣ ምክንያቱም 2017 ላይ ያው ፍርድ ቤት በሀሰት ሰርተፍኬት የገባ ሰው ምንም ያህል አመት ቢሰራ ስራውን ያጣል ብሎ ነበር።
ልጆቹ ግን ሌላ ነገር ነው (ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል)። በዚሁ ፍርድ ቤት የ2012 ውሳኔ ልጅ የአባቱን ካስት እንደያዘ ይገመታል እንጂ ያለቀለት አይደለም፣ እናቱ ዳሊት ሆና በሷ ማህበረሰብ ውስጥ አድጎ መገለሉንም አብሮ ከቀመሰ ያንን በማስረጃ ማሳየት ይችላል።
ደሞ ሰርተፍኬቱ በየስቴቱ (በየክልሉ) ይለያያል፣ አንዱ ስቴት ኮታ በሚሰጣቸው ካስቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ሰው ሌላ ስቴት ሄዶ እዛ ባለው የስቴት ኮታ ልግባ ማለት አይችልም፣ ይሄ ከ1990 ጀምሮ የተዘጋ ጉዳይ ነው።