መልስ፦ አልቪስ መኪና ሠሪ ነበር ወይስ ታንክ ሠሪ?

ወንድሜ፣ አልቪስ የሚሠራው መኪና ነው ወይስ ታንክ፣ ለማንስ ሸጠ ብለህ ነበር። ሁለቱንም ሠርቷል። ኩባንያው እንግሊዝ ውስጥ ኮቨንትሪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1919 ተቋቋመ። ቆንጆ ቆንጆ የቤት መኪናዎች ሲሠራ ኖሮ በ1967 እሱን ተወና ወታደራዊው ሥራ ላይ ቀረ።

በጣም የታወቀችው ስኮርፒየን ናት። 8 ቶን ገደማ የምትመዝን ቀላል ታንክ። አካሏ አሉሚኒየም ነው፣ 76 ሚሊሜትር መድፍ አላት፣ መጀመሪያ የተገጠመላት ሞተር ደግሞ የጃጓር መኪና ሞተር ነው! ፈጣን ስለሆነችና ረግረግ መሬት ላይ ቶሎ ስለማትሰምጥ ቤልጂየም፣ ማሌዥያ፣ ናይጄሪያ፣ ኦማን ሁሉም ገዟት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከሽያጩ በኋላ ያለው ነገር ነው። ኢንዶኔዥያ ስኮርፒየኖቹን ስትገዛ የገዛ ሕዝቧ ላይ እንደማታዘምታቸው ለእንግሊዝ ማረጋገጫ ሰጥታ ነበር። በ2003 በራሷ በአቼ ግዛት ውስጥ በአማፂዎች ላይ ዘመቻ ስትከፍት እነዚያው ታንኮች እዚያ ታዩ። ቀደም ሲልም፣ በ1960 ደቡብ አፍሪካ ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ 69 ሰው ሲገድል፣ ሳራሰን የተባሉት የአልቪስ ብረት ለበሶች በቦታው ነበሩ። ዕቃው አንዴ መርከብ ላይ ከተጫነ ወረቀት ላይ ያለውን ቃል ማን ያስከብረዋል? ሻጩም፣ ፈቃድ የሰጠው መንግሥትም ከተጠያቂነት ማምለጥ የለባቸውም ባይ ነኝ።

ኩባንያውን በ2004 ቢኤኢ ሲስተምስ የተባለው የእንግሊዝ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ጠቅልሎ ገዛው፤ ስለዚህ የዛሬውን ሽያጭ መከታተል ከፈለግክ በዚያ ስም ፈልግ።