የውቂያ አቧራ፣ የጓዳ ጭስና የልጅ እንጥል

ውቂያው ስለደረሰ ነው መሰለኝ፣ ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሳልና ስለ ትንፋሽ ናቸው።

አውድማ ውዬ ስገባ ንፍጤም አክታዬም አፈር ይመስላል። ሳንባዬ ተጎድቶ ይሆን? (ከቢቸና)

አይዞህ፣ ማጣሪያው እየሠራ ነው። ትልልቁን እብቅ የአፍንጫ ጸጉርና ንፍጥ ያስቀሩታል። ያለፈው የአየር ቧንቧውን ግድግዳ በሸፈነው ዝልግልግ ፈሳሽ ላይ ይጣበቃል። እዚያ ሲሊያ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ጸጉር መሰል ነገሮች አሉ። ነፋስ እንደመታው የጤፍ ማሳ አብረው ይወዛወዛሉ፤ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ። ቆሻሻውን እየገፉ ጉሮሮ ያደርሱታል። ከዚያ ወይ እንተፋዋለን፣ ወይ ሳናውቀው እንውጠዋለን። የተዋጠውን ጀርም አብዛኛውን የጨጓራ አሲድ ይፈጀዋል።

ይህ ሁሉ ግን ልክ አለው። ስታዘራ ነፋሱ ከጀርባህ ይሁን፤ አፍና አፍንጫህን በማስክ፣ ከጠፋም በነጠላ ሸፍን። ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ደረትህ ሲር ሲር ካለ ጤና ጣቢያ ሄደህ ታይ።

በርበሬ ሲወቀጥ ቤቱ ሁሉ የሚያስነጥሰው ለምንድን ነው? (ከቡሬ)

በርበሬውን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የአፍንጫና የጉሮሮ ነርቭን ሲነካ ሰውነት በማስነጠስና በሳል ያስወጣዋል። በርና መስኮት ክፈቱ፤ አስም ያለበት ሰው ካለ ከቤት ይውጣ።

ድሮ ስጋግር ጭሱ ያስለኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። (ከሞጣ)

ይሄ ነው የሚያሳስበኝ። የማገዶና የኩበት ጭስ ውስጥ ከ2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ያነሰ ብናኝ ሞልቷል። እሱ አፍንጫን አልፎ፣ ሲሊያ ወደሌለባቸው ትንንሽ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃል። እዚያ የሚጠብቁት ማክሮፋጅ የሚባሉ ሴሎች ናቸው፤ ብናኙን እየዋጡ ያጸዳሉ። በየቀኑ ሲመጣባቸው ግን አይችሉትም። ጭሱ ሲሊያውንም ያዳክማል። ሳሉ ቢቆምም ጉዳቱ አልቆመም። ጭስ ማውጫ ይሠራልሽ፤ ማገዶው ደረቅ ይሁን። ልጅ አዝለሽ ደግሞ እባክሽ አትጋግሪ። በጀርባሽ ያለው ሕፃን የሚስበው ያንኑ ጭስ ነው፤ ለሳንባ ምችም ያጋልጠዋል።

የ8 ወር ልጄ ሳል አልለቀው አለ። አማቴ «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ» ይላሉ። (ከደጀን)

እህቴ፣ አታስቆርጪው። አማትሽ ለልጁ አስበው ነው፤ በአክብሮት አስረጃቸው። እንጥል ስንውጥ ምግብና መጠጥ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ ከላንቃ ጋር ሆኖ ይከለክላል። ሳሉን እሱ አላመጣውም። ቢቆረጥ ሳሉ አይድንም፤ ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ ቴታነስ ግን ሊከተል ይችላል። በአንድ ምላጭ ብዙ ልጅ ከተቆረጠ ኤችአይቪም አለ።

ይልቅ ልጁ ሳያለቅስ ልብሱን ገልጠሽ ደረቱን እዪ። ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። በእሱ ዕድሜ 50 ከደረሰ ወይም ካለፈ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባት ካቃተው፣ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቂ።