ጄፍ ቤክ ላይ ሰው ለምን አይስማማም? ስለ ስትራቱ አቃኘትም ጭምር

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሁለት ነው፦ በ2023 ያረፈውን እንግሊዛዊ የሮክ ጊታሪስት ጄፍ ቤክን አንዱ «ከሁሉም በላይ ጊታሪስት» ሲለው ሌላው «ዘፈን የሌለው ሰው» የሚለው ለምንድነው፣ የእሱንስ ድምፅ ከተራ ስትራት (ፌንደር ስትራቶካስተር ከሚባለው የኤሌክትሪክ ጊታር) ማውጣት ይቻላል ወይ የሚል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ የመጀመሪያውም መልስ ያለው እዚያው ውስጥ ነው።

ዘፈን ብዙም አይደርስም ነበር የሚሉት ልክ ናቸው። የ1976ቱን «ዋየርድ» አልበም ብታይ ከ8ቱ ሥራዎች አንዱንም ቤክ አልደረሰም። አራቱ የከበሮ መቺው የናራዳ ማይክል ዋልደን ናቸው፤ ከቀሩት መካከል አንዱ የኪቦርድ ተጫዋቹ የጃን ሃመር፣ አንዱ የሌላው ኪቦርድ ተጫዋች የማክስ ሚድልተን፣ አንዱ የጃዝ ቤዝ ተጫዋቹ የቻርልስ ሚንገስ ነው። ከሱ በፊት የወጣው የ1975ቱ «ብሎው ባይ ብሎው» ላይ ሰው ሁሉ የሚወደው ዝግተኛ ሥራ የስቲቪ ወንደር ድርሰት ነው። አልበሞቹም ወጥ አይደሉም። የ1985ቱ «ፍላሽ» የዘመኑን ገበያ ሲያሳድድ የተሠራ ነው፣ በመካከሉም ለዓመታት ይጠፋ ነበር። ግን ጥላሁን ገሠሠን ግጥሙንና ዜማውን ሌላ ሰው ስለሠራለት ድምፁን የሚክድ የለም። ቤክም የሚለካው በአዘፋፈኑ ነው፤ የሚዘፍነው በቀኝ እጁ ነበር።

«ፊውዥን» (ጃዝና ሮክን የሚያዋህድ ሙዚቃ) የሚለው ስምም ግራ ያጋባል። በ1975 ከፊውዥን ባንዱ ከማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ ጋር አብሮ ዞሯል፣ ከጃን ሃመር ጋርም ሠርቷል፤ እሱ ግን እንደ ባንዱ መሪ እንደ ጆን ማክላፍሊን የጃዝ ኮርዶችን እየተከተለ የሚሮጥ ተጫዋች አልነበረም። ከሥሩ የቆመው ባንድ ፊውዥን ነው፣ የሱ መስመር ብሉዝ ነው። ፍጥነት ፈልገህ ከሰማኸው ታዝናለህ። አንድ ኖታ ከተመታ በኋላ ምን እንደሚሆን ስማ፦ እንዴት እንደሚያብጥ፣ ከየት ተንሸራትቶ እንደሚደርስ፣ ሲያልቅ ወዴት እንደሚወድቅ።

ለማዳመጥ በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ። መጀመሪያ ያንን የ1975 ዝግተኛ ሥራ፤ ቀጥሎ በ1989 ከከበሮ መቺው ከቴሪ ቦዚዮና ከኪቦርድ ተጫዋቹ ከቶኒ ሃይማስ ጋር የሠራውን «ጊታር ሾፕ»፤ ከዚያ በ2007 ለንደን ሮኒ ስኮትስ ክለብ የተቀረጸውን ኮንሰርት፣ እሱን ግን በቪዲዮ። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ በ1975 ገና በፒክ (በክር መምቻ ቁራጭ) ነበር የሚጫወተው። የአልበሙ ሽፋን ላይ ሌስ ፖል ጊታር ቢታይም ያንን ዝግተኛ ሥራ የተጫወተው የጊታር ባለሙያው ሲሞር ዳንካን ሃምባከር (ባለ ሁለት ጥቅል የድምፅ ማንሻ) ገጥሞ በሰጠው ቴሌካስተር ጊታር ነው። ፒኩን ጥሎ በጣት መጫወት ልማዱ ያደረገው በ1980ዎቹ ነው። ስለዚህ «የቤክ ድምፅ» ስትል የትኛውን እንደሆነ ለይ። እኔ የምጽፍልህ ስለ ኋለኛው ነው።

እጁ እንዲህ ነበር የሚሠራው። አውራ ጣቱ ክሩን ይመታ ነበር፣ ሌሎቹ ጣቶች ሲያስፈልግ ያግዙ ነበር፣ ትንሿ ጣት ቮሊዩሙ (የጊታሩ የድምፅ መቆጣጠሪያ) ላይ ነበረች፣ ትሬሞሎ ባሩ (ክሮቹን ሁሉ የሚያላላውና የሚያጠብቀው ዘንግ) ከመዳፉ ሥር አይርቅም ነበር። ኖታው በዜሮ ቮሊዩም ይመታና በትንሿ ጣት ይከፈታል፤ የመምቻው ጠቅታ ስለሚጠፋ እንደ ድምፃዊ ትንፋሽ ይመጣል።

አሁን ወደ ጊታሩ። ባሩ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም መሳብ አለበት፣ ስለዚህ ብሪጁ (ክሮቹ የጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ብረት) ከእንጨቱ ተነስቶ መንሳፈፍ አለበት። ባለ ሁለት ብሎን ብሪጅ ካለህ ይቀልልሃል። ውፍረቱ ከ0.010 እስከ 0.046 ኢንች የሆነ ክር ግጠም፣ ከኋላ 3 ሞላ ይበቃል። ሁሉንም ክር ቃኝ፣ ከዚያ ሞላዎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች በካቻቪቴ ግማሽ ዙር ብቻ ፍታ። ክሮቹ ብሪጁን ይጎትቱትና ይነሳል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። እንደገና ቃኝ፤ ስትቃኝ ደግሞ ትንሽ ይጨምርና ይነሳል። የብሪጁ የኋላ ጠርዝ ከእንጨቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪነሳ ድገመው። በአንድ ጊዜ 2 ዙር የሚፈታ ሰው ከሰዓት ሙሉ ሲቃኝ ይውላል።

መድረሻህን በጆሮ አረጋግጥ። ባሩን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ስትስበው 3ኛው ክር (ከቀጭኑ ሲቆጠር) ከጂ ወደ ቢ ፍላት ይውጣ፣ ማለትም አንድ ተኩል ድምፅ። በዚህ አቀማመጥ 2ኛው ክር አንድ ሙሉ ድምፅ፣ 1ኛው ግማሽ ድምፅ ያህል ይወጣል። ብሪጁ ስለተነሳ ክሮቹ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ካሉት የብረት ዘንጎች) ይርቃሉ፣ በሳድሎቹ (ብሪጁ ላይ እያንዳንዱን ክር በሚሸከሙት ቁራጮች) ብሎን ዝቅ አድርጋቸው። ግን አታብዛ፤ ባሩን ወደ ላይ ስትስብ ብሪጁ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ክሮቹ ይበልጥ ይወርዳሉ፣ ፍሬት ነክተውም ድምፁ ይታፈናል።

ቅኝቱ አልመለስ ካለ ወደ የትኛው በኩል እንደሳተ ተመልከት። ባሩን ወደ ታች ተጭነህ ስትለቅ ክሩ ከፍ ብሎ ከቀረ፣ ወይም በጣት ቤንድ አድርገህ (ክሩን ወደ ጎን ስበህ) ስትለቅ ዝቅ ብሎ ከቀረ፣ ችግሩ ነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበት ቁራጭ) ላይ ነው፦ ክሩ ጎድጓዳው ውስጥ ተንሸራቶ መመለስ አቅቶታል። ጎድጓዳውን በእርሳስ አጥቁር፣ የጊታሩ ራስ ላይ ክሩን ወደ ታች የሚይዘውንም ብረት ሥር እንዲሁ። መቃኛው ላይ የተጠመጠመው ክር ከ3 ዙር አይብለጥ። ፌንደር በቤክ ስም የሚሠራው ጊታር በነቱ ፈንታ ክሩ የሚንከባለልበት ሮለር ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። አንተ ግን 150 ብር የማይሞላ እርሳስ ሳትሞክር ነት አትግዛ።

ቮሊዩሙ ሲቀነስ ድምፁ የሚደነዝዝ ከሆነ ጥፋቱ የጣትህ አይደለም። ከቮሊዩሙ መግቢያና መውጫ እግሮች መካከል ባለ 0.001 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና ባለ 150 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጎን ለጎን አስበይድ። ካፓሲተሩን ብቻ ካደረግህ ዝቅ ባለ ቮሊዩም ድምፁ ይቀጥናል። አምፕሊፋየሩን ደግሞ ጊታሩ 10 ላይ ሲሆን የሚዘፍን፣ 5 ላይ ሲወርድ የሚጠራ አድርገው። ጀማሪው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ዲስቶርሽን ይጨምራል፣ ያኔ ለስላሳውም ጠንካራውም አመታት አንድ ይሆንና የጣት ጥቅም ይጠፋል። ኮምፕሬሰርም (ለስላሳውንና ጠንካራውን ድምፅ የሚያቀራርብ መሣሪያ) ያው ነው።

ለልምምድ የሙሉ ትዝታን ቅኝት ተጠቀም። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ብንል፣ ከኤ ወደ ሲ ያለው ዝላይ ልክ ያ አንድ ተኩል ድምፅ ነው። 3ኛውን ክር 2ኛው ፍሬት ላይ ያዝና ኤን ምታ፣ ጣትህን ሳታንቀሳቅስ በባሩ ብቻ ሲ ላይ ድረስ። መጀመሪያ ቲዩነር እያየህ፣ በኋላ ዓይንህን ጨፍነህ። ይህ ሲስተካከል ወደ ሃርሞኒክስ (ክሩን ሳይጫኑ በስሱ በመንካት ወደሚወጣው ቀጭን ድምፅ) እለፍ፦ በ3ኛው ክር 5ኛው ፍሬት ላይ የሚወጣውን ጂ፣ ባሩን አንድ ሙሉ ድምፅ አስቀድመህ ተጭነህ ምታውና ከኤፍ ወደ ጂ ልቀቀው። የ1989ኙ አልበም ላይ ያለው «ዌር ዌር ዩ» የተባለው ቀስ ያለ ሥራ ከሞላ ጎደል በዚህ ዘዴ ነው የተሠራው። ከባዱ ነገር ኖታው ከመሰማቱ በፊት ባሩ ትክክለኛው ቦታ ላይ መሆን አለበት፤ ከተሰማ በኋላ ማረም አይቻልም። ሌሎቹ ክሮች አብረው እንዳይጮሁ በግራ እጅህ ጣቶች አፍናቸው።

የሚንሳፈፍ ብሪጅ ዋጋም ያስከፍላል። አንዱን ክር ቤንድ ስታደርግ የቀሩት ይወርዳሉ፣ ስለዚህ ሁለት ክር አንድ ላይ እየመታህ አንዱን የምትስብባቸው የብሉዝ ሐረጎች ይበላሻሉ፤ መዳፍህን ብሪጁ ላይ በስሱ ማሳረፍ ይረዳል፣ ከጫንከው ግን ቅኝቱ ከፍ ይላል። አንድ ክር መድረክ ላይ ከተበጠሰ ደግሞ አምስቱም በአንዴ ከቅኝት ይወጣሉ። ሁለተኛ ጊታር ሳትይዝ በዚህ አቀማመጥ ሥራ አትውጣ።