መልስ፦ ስለ አይሁዶች ጭፍጨፋ አያውቁም ነበር?

ወንድሜ፣ «አሜሪካና እንግሊዝ ጦርነቱ እስኪያልቅ አልሰሙም ነበር ወይ?» ላልከው፣ በደንብ ሰምተዋል። በኦገስት 1942 እ.ኤ.አ. የዓለም አይሁዶች ኮንግረስ ተወካይ ጌርሃርት ሪግነር የናዚዎችን አይሁዶችን የመጨረስ ዕቅድ ከጄኔቫ በቴሌግራም አሳወቀ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን ለአሜሪካ አይሁዶች መሪ ለራቢ ስቲቨን ዋይዝ የተላከውን መልእክት ሳያደርስ ያዘው፤ እሳቸው የሰሙት በለንደን በኩል ዞሮ ነው። ዲሴምበር 17 ላይ አሜሪካ፣ እንግሊዝና የጦር አጋሮቻቸው ጭፍጨፋውን በይፋ አወገዙ፤ የእንግሊዝ ፓርላማ አባላትም ተነሥተው በዝምታ ቆሙ። ከዚያስ? በኤፕሪል 1943 የአሜሪካና የእንግሊዝ ተወካዮች ስለ ስደተኞቹ ሊመክሩ ቤርሙዳ ላይ ተሰብስበው ይህ ነው የሚባል ነገር ሳይወስኑ ተበተኑ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ሰው በየቀኑ እያለቀ ነበር እኮ! በመጨረሻ የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴር ሠራተኞች፣ የውጭ ጉዳይ ሰዎች መረጃ ማፈናቸውን በሪፖርት አጋለጡ። ሚኒስትሩ ሞርገንታው ጉዳዩን ለፕሬዝዳንት ሩዝቬልት አቀረቡ፤ በጃንዋሪ 1944 የጦርነት ስደተኞች ቦርድ ተቋቋመ። የስዊድን ዲፕሎማቱ ራውል ዋለንበርግ ቡዳፔስት ውስጥ አይሁዶችን ለማዳን የሠራውን ሥራ በገንዘብ የደገፈው ይኸው ቦርድ ነው።